አሮጌ መኪና፣ አዲስ የኋላ እግር፦ የቮልስዋገን ፊዚክስ

መግቢያ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በአንዲት ቮልስዋገን ቢትል መኪና ነበር። በሕዝባችን ዘንድ በአጭሩ «ቮልስ» ተብላ የምትጠራው ይህች መኪና ምርቷ እ.ኤ.አ. በ1938 ተጀምሮ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ እስኪያበቃ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በከተሞቻችን ዛሬም ድረስ ስትሽከረከር እናያታለን።

እንዲህ ዓይነት መኪና ያላቸው ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የኋላ እግሯን በኋላ ዘመን በተሠራ እግር መቀየር ያዋጣል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው የጋራዥ ቢመስልም መልሱ የሚገኘው በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሦስት አቅጣጫ እንመለከታለን፤ እነርሱም የኩርባ ደኅንነት፣ የብየዳ ትክክለኛነትና የጥርስ ጥመርታ ናቸው።

የቀድሞው እግር ችግር

የቮልስዋገን ሞተር ከኋላ ይገኛል። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉም በአንድ ሣጥን ውስጥ ተጣምረው የተሠሩ ናቸው። በቀድሞው አሠራር ከዚህ ሣጥን ግራና ቀኝ የሚወጡት ሁለት ሰሚያሶች መታጠፍ የሚችሉት በውስጠኛው ጫፋቸው ብቻ ነው። ይህን «ባለ አንድ መገጣጠሚያ እግር» እንበለው። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ እንደ በር በማጠፊያው ዙሪያ ስለሚዞር ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም፤ ይጋደላል።

መኪናዋ በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት 46 ሜትር ራዲየስ ባለው ኩርባ ወደ ግራ ስትታጠፍ እናስብ። የፍጥነቱን ስኩዌር ለራዲየሱ ስናካፍል የምናገኘው ወደ ማዕከል የሚያመራ ፍጥንጥነት 6 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ያህል ነው። በኋላ ጎማዎች ላይ 500 ኪሎ ግራም ቢያርፍ ጎማዎቹ ከመንገዱ 3000 ኒውተን የጎን ኃይል ይቀበላሉ። ከዚህ ውስጥ የውጭኛው (የቀኙ) ጎማ 2500፣ የውስጠኛው ደግሞ 500 ኒውተን ይሸከማሉ ብለን እንውሰድ።

የጎን ኃይሉ የሚያርፈው ጎማው መሬት በሚነካበት ነጥብ ላይ ሲሆን ማጠፊያው ግን ከመሬት 0.3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከጎማው በአግድም 0.6 ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ስለዚህ በውጭኛው ጎማ ላይ ያለው ኃይል ጎማውን ከመኪናዋ ሆድ ሥር ለማስገባት፣ የመኪናዋን ጀርባ ደግሞ ወደ ላይ ለማንሣት ይሠራል። የማንሻው መጠን የጎን ኃይሉ በከፍታና በአግድም ርቀት ጥመርታ ሲባዛ የሚገኘው ነው። የውጭኛው ጎማ 1250 ኒውተን ወደ ላይ፣ የውስጠኛው 250 ኒውተን ወደ ታች ስለሚሆን ልዩነቱ 1000 ኒውተን ነው። ይህም 100 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ዕቃ ከኋላ እንደ ማንሣት ይቆጠራል።

አደጋው በዚህ አያበቃም። ጀርባው ከፍ ባለ ቁጥር ማጠፊያውም ከመሬት ይርቃል፤ በዚህም ጥመርታው ያድጋል፤ ማንሻውም ይጨምራል። ጎማው በጠርዙ ብቻ ስለሚቆም መንገድ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። አሽከርካሪው በኩርባ መሐል እግሩን በድንገት ከነዳጅ ላይ ቢያነሣ ወይም ፍሬን ቢይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሸጋገር ጀርባው ይበልጥ ይነሣል፤ መኪናዋም ልትሽከረከር ትችላለች። ስለዚህ ባለ አንድ መገጣጠሚያ እግር ያላት መኪና የሚነዳ ሰው ፍጥነቱን ከኩርባው በፊት መቀነስ ይኖርበታል።

የኋለኛው አሠራር

በኋለኛው አሠራር እያንዳንዱ ሰሚያስ በሁለቱም ጫፍ መገጣጠሚያ አለው፤ በድምሩ አራት ይሆናሉ። ጎማውን የሚመራው ሰሚያሱ ሳይሆን ከሻንሲው በሰያፍ የሚወጣ የብረት ክንድ ነው። በመሆኑም ጎማው የሚዞርበት ምናባዊ ማዕከል እጅግ ርቆ ይገኛል። አግድም ርቀቱ ሲያድግ የማንሻ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ጎማውም ቀጥ ብሎ መሬት ይይዛል።

ቮልስዋገን ይህን አሠራር ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት የእ.ኤ.አ. 1969 ሞዴሎች ላይ በስፋት ተጠቀመበት፤ 1302 እና 1303 የተባሉት ሞዴሎችም ይዘውት ወጥተዋል። ነገር ግን በ2003 የተሠሩት የመጨረሻዎቹ የሜክሲኮ ቮልሶች እንኳ የቀድሞውን እግር እንደያዙ ነበሩ። ስለሆነም እግር የሚገዛ ሰው የተሠራበትን ዓመት ሳይሆን የመገጣጠሚያውን ብዛት ማየት አለበት።

ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ያህል ትርቃለች?

የቀድሞዋ መኪና ሻንሲ አዲሱ ክንድ የሚታሰርበት ቦታ የለውም፤ መያዣው በብየዳ መጨመር ይኖርበታል። እንደ ሞሎ የሚያገለግሉት ተጠማዛዥ ዘንጎችም ርዝመታቸው ስለሚለያይ አብረው መቀየር አለባቸው።

ብየዳው በ400 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ጎማው በ0.005 ራዲያን፣ ማለትም በ0.3 ዲግሪ ገደማ ይጣመማል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁንና ጎማው በየኪሎ ሜትሩ 5 ሜትር ወደ ጎን ይፋቃል ማለት ነው። ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ ጎማው ወደ 1.4 ኪሎ ሜትር በጎኑ ተጎተተ ማለት ነው። ጎማው ቶሎ ማለቁ ብቻ ሳይሆን መኪናዋ ቀጥ ብላ መሄድ ይሳናታል። ስለዚህ ሥራው በዓይን ግምት ሳይሆን በትክክለኛ መለኪያና ማሰሪያ መሠራት አለበት።

የጥርስ ጥመርታና የሐዋሳ አየር

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ ይህ ነው። አዲሱ እግር የራሱን ካምቢዮ ይዞ ይመጣል። የ1200 ሞተር ያላት ቮልስ የኮሮናና የፒኞን ጥመርታ (ሬሺዮ) 4.375 ነው። ባለ ሁለት መገጣጠሚያ ካምቢዮዎች ግን አንዳንዶቹ 4.125፣ ሌሎቹ 3.875 ናቸው።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ የሞተሩ ቶርክም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የ1200 ሞተር ከፍተኛ ቶርክ 82 ኒውተን ሜትር ስለሆነ እዚህ 66 ያህል ይሆናል።

ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ተነሥታ አራት ሰዎችን የጫነች፣ መጠነ ቁሷ 1100 ኪሎ ግራም የሆነ ቮልስ በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ትወጣለች እንበል። የማርሹ ጥመርታ 1.26፣ የጎማው ራዲየስ 0.315 ሜትር፣ በሰበቃ የሚባክነውም አሥር በመቶ ቢሆን ጎማዎቹ የሚገፉበት ኃይል በ4.375 ጥርስ 1040፣ በ3.875 ደግሞ 920 ኒውተን ያህል ነው። በ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት አየሩና የጎማው መንከባለል 245 ኒውተን ያህል ይወስዳሉ። የተረፈውን ለመኪናዋ ክብደት ስናካፍል የመጀመሪያዋ 7.4 በመቶ፣ ሁለተኛዋ 6.3 በመቶ ዳገት መውጣት ትችላለች። በ7 በመቶ ዳገት ላይ አንዷ በሦስተኛ ማርሽ ስትዘልቅ ሌላዋ ወደ ሁለተኛ ለመቀየር ትገደዳለች።

በሜዳማው የስምጥ ሸለቆ መንገድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በአራተኛ ማርሽ (0.89) በ90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትጓዝ ሞተሩ በደቂቃ በ4.375 ጥርስ 2950፣ በ3.875 ደግሞ 2610 ጊዜ ያህል ይዞራል። እንግዲህ ምርጫው የሚወሰነው በሞተሩና በመንገዱ ነው፤ ለትንሹ ሞተርና ለደጋው አገር ትልቁ ጥመርታ ይበጃል።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ሙከራ

ካምቢዮው ከመኪና ወርዶ ሳለ አንደኛውን የጎማ መያዣ እንዳይዞር አጥብቆ ማሰር፣ ማርሹን አራተኛ ላይ ማድረግ፣ ሌላኛውን መያዣ በትክክል ሁለት ዙር ማዞርና ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደዞረ መቁጠር ይበቃል። አንዱ ወገን ሲታሰር ዲፈረንሻሉ የሌላውን ፍጥነት እጥፍ ስለሚያደርገው ሁለቱ ዙር ከኮሮናው አንድ ዙር ጋር እኩል ነው። የማርሹ ጥመርታ 0.89 ከሆነ ውጤቱ 3.9 ሲሆን ጥርሱ 4.375፣ 3.45 ሲሆን ደግሞ 3.875 ነው።

ማጠቃለያ

አዲሱ እግር በኩርባ ላይ የሚሰጠው ደኅንነት እውነተኛ ነው። ነገር ግን ያልተስተካከለ ብየዳ ይህን ጥቅም ያጠፋዋል፤ ያልተመረመረ ጥርስም በዳገት ላይ ያስጨንቃል። ትክክለኛ ብየዳ የማይገኝ ከሆነ የቀድሞውን እግር ጠግኖ፣ ጎማውን ጠብቆ፣ ኩርባን በዝግታ መግባት የተሻለ ነው።

መልመጃ፦ የቮልስ ፍጥነት መለኪያ የሚዞረው በፊት የግራ ጎማ ስለሆነ የኋላ ጥርስ ቢቀየርም አይዛባም። መለኪያዋ ከካምቢዮ የሚነሣ፣ ጥርሷ ከኋላ ያለ ሌላ መኪና ግን ጥርሷ ከ4.375 ወደ 3.875 ቢቀየርና መለኪያዋ 80 ቢያሳይ እውነተኛ ፍጥነቷ ስንት ነው? (መልስ፦ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ።) አንባቢው መልሱ ለምን እንዲህ እንደሆነ ያስረዳ።