ሃያ አምስት ለአንድ

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የተጀመረው «ዘ ባችለር» የተሰኘ የቴሌቪዥን ዝግጅት 25 ሴቶችን በአንድ ቤት አኑሮ በአንድ ወንድ ለመመረጥ አፎካከራቸው። ዝግጅቱ ድርሰት ሳይሆን እውነተኛ ኑሮ ነው ስለሚባል፣ ተመልካቹ እንባውንና ጠቡን አይቶ «ሴት ቀናተኛ ናት» የሚል የቆየ ግምቱን ያጸናል።

ይህን እንደ ቤተ ሙከራ ውጤት እንመርምረው። ቅናቱ የመነጨው ከሴትነት ነው ወይስ ከ25 ለ1 ጥምርታው? ወንዱ ተቀናቃኝ የለውምና ልንለየው አንችልም፤ ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ነው። ማነጻጸሪያው በ2003 መጣ። በ«ዘ ባችለሬት» 25 ወንዶች ለአንዲት ሴት ተወዳደሩ። ከዚያ ወዲህ በተካሄዱት ዙሮች ወንዶቹም ተጣልተዋል፣ አንዱ በሌላው ላይ አሳብቋል፣ አልቅሰዋልም። ጥምርታው ሲገለበጥ ቅናቱም ወደ ወንዶቹ ዞረ።

ታዲያ ግምቱ ስለምን አልፈረሰም? አንዱ ምክንያት አርትዖቱ ነው። ሴትና ወንድ እኩል 10 ጊዜ አልቅሰው አዘጋጁ ከእርሷ 8፣ ከእርሱ 2 ብቻ ቢያሳይ፣ እያንዳንዱ ምስል እውነት ሆኖ ሳለ 1 ለ1 የነበረው 4 ለ1 ይሆናል። ሌላው ስያሜው ነው፤ በእርሷ ዘንድ «ቅናት» የተባለው በእርሱ ዘንድ «ወኔ» ይባላል (አማርኛችንም በዚህ ረገድ ንጹሕ አይደለም)። መራጭ የሆነችው ሴት እንኳ እንደ ልማዱ በመጨረሻ ቀለበት ይዞ የሚንበረከክላትን ወንድ ቆማ ትጠብቃለች።