ጫካ መንጥሮ ሣር ከማብቀል በፊት

የከብት መኖ ሲያጥር ዓይን የሚያርፈው ከግጦሹ ዳር ባለው ክትክታ፣ ግራርና ወይራ ላይ ነው። ተመንጥሮ ሣር ቢበቅልበት ይሻላል ማለት በራሱ ስሕተት አይደለም። መሬቱን ጥቅጥቅ አድርጎ የሸፈነ ሣር አፈር በመያዝ ከዛፍ ብዙም አያንስም፤ ከሥሩ ምንም የማይበቅልበት ባሕር ዛፍማ ከጥሩ ሣር አይደርስም። አፈሩ የሚሄደው ዛፉ ከወደቀ በኋላ ሣሩ መሬቱን እስኪያለብስ ባለው ጊዜ ነው፤ የቀረውን ኮቴ ይጨርሰዋል።

ሚያዝያና ግንቦት ላይ ተመንጥሮ ጭራሮው ከተቃጠለ፣ የሰኔ ዝናብ የሚያርፈው በባዶ መሬት ላይ ነው። ጠብታው አፈሩን ይበትነዋል፤ ደቃቁ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ሲደርቅ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ይጠጥራል። በዛፉ ጥላ ሥር ግን የረገፈው ቅጠል ጠብታውን ያበርዳል፤ ውሃውም የበሰበሰ ሥርና ምስጥ በተዉት ቀዳዳ ይሰርጋል። በ1 ሄክታር ላይ የወረደ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 300 ሺህ ሊትር ነው። ግማሹ ካልሰረገ 150 ሺህ ሊትር አፈር እየጠረገ ወደ ታችኛው ጎረቤት ማሳ ይወርዳል።

«ዛፍ ውሃ ይጠጣል፤ ቢቆረጥ ምንጩ ይጎለብታል» የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው፤ ዛፍ ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ አብዛኛውን ጊዜ ከሣር የበለጠ ውሃ ይወስዳል። ይሁንና ከዛፉ የተረፈው ውሃ ምንጩ ጋ የሚደርሰው ከሰረገ ነው። ላዩ ከጠጠረ ትርፉ በክረምት ጎርፍ ሆኖ ያልፋል፤ ምንጩ በበጋ ይነጥፋል።

በራሳችሁ መሬት ሞክሩት። ሁለት እኩል ጣሳዎች ላይና ታቻቸውን ክፈቱ፤ አንዱን በዛፍ ሥር፣ ሌላውን ከብት በሚመላለስበት ግጦሽ ሁለት ጣት ያህል ወደ አፈሩ አስገቡ። እኩል ውሃ ጨምሩና የቱ ቶሎ እንደሚጎድል እዩ። ግጦሹ ላይ እያላችሁ የሣሩንም እግር ተመልከቱ፦ ሥሩ ወጥቶ በጉብታ ላይ የቆመ ከመሰለ፣ በዙሪያው የነበረው አፈር ታጥቦ ሄዷል።

ቀጥ ያለ ቁልቁለትን፣ የወንዝ ዳርንና ከምንጭ በላይ ያለውን አትንኩ። የወል መሬት ከሆነ አስቀድማችሁ የቀበሌውን መሬት አስተዳደር ጠይቁ። መመንጠር በሚቻለው ላይም በአንድ ዓመት ሁሉንም አትመንጥሩ፤ ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ የዛፍ መስመር እየተዋችሁ በየተራ ሂዱ። ግራሩን ለጥላና ለፍሬው አትርፉ፤ ፍየሎቻችሁ ያመሰግኗችኋል። ጉቶውን አትንቀሉ፤ ካቆጠቆጠ ለጋውን መቁረጥ ይቀላል። ጭራሮውን ሳታቃጥሉ አግድም ደርድሩት፤ ከበላዩ፣ ዝናቡ እንደጸና፣ ደሾ ሣር ትከሉ።

በመጀመሪያው ክረምት ከብት አታስገቡ፤ ሣሩ ሲደርስ አጭዳችሁ በቤት መግቡ። በቀጣዮቹ ዓመታትም ዝናብ በጣለ ማግስት ከብቶቹን ከዚያ አርቁ፤ እርጥብ አፈር በኮቴ ሲረገጥ ከደረቁ ይበልጥ ይጠቀጠቃል።