እንግሊዝኛን ስንት ሰው ይችላል? እኛስ ከየትኞቹ ነን?

በዚህ እትም ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ስርጭት ትንሽ ላካፍላችሁ።

«እንግሊዝኛ ዓለም ሁሉ የሚናገረው ቋንቋ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። እስቲ በሒሳብ እንየው። የዓለም ሕዝብ 8 ቢሊዮን አካባቢ ነው። በአንድ ክፍል 80 ተማሪ አለ እንበል (የኛ ክፍልም ከዚህ ብዙ አያንስም)። እያንዳንዱ ተማሪ 100 ሚሊዮን ሰው ይወክላል ማለት ነው። በግምት ከ80ው ውስጥ እንግሊዝኛን ከእናታቸው አፍ የሰሙት 4 ብቻ ናቸው። በትምህርት ወይም በሥራ የለመዱት ሲጨመሩ 15 ይሞላሉ። 65ቱ አይችሉም። ስለዚህ «ዓለም ሁሉ» ከሚባል «በብዙ አገር የሚሠራበት» ቢባል ይሻላል።

ደግሞ በትምህርት የለመዱትን 11ዱን ማን ፈተናቸው? አቀላጥፎ የሚናገረውም እየተንተባተበ የሚሞክረውም አንድ ላይ ሊደመር ይችላል።

በአገራችን በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ አንድ የትምህርት ዓይነት ነበር፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ አብዛኛው ሌላ ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ይሆን ነበር።

እኔ ከድልድዩ ማዶ ገላባት እንግሊዝኛ የሚነገር ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱም ሱዳንን እንግሊዞች ከግብፅ ጋር ሆነው እስከ 1948 ዓ.ም. ገዝተዋታል። ገበያ ላይ ግን የምትሰሙት «ቢካም?» ነው፣ በአረብኛ ስንት ነው ማለት ነው። የኛም ነጋዴዎች አረብኛውን ያስኬዱታል። አረብኛ እኮ ከተባበሩት መንግሥታት 6 ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ ልክ እንደ እንግሊዝኛ!

እንግሊዝኛ መተማ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዕቃ ላይ ተጽፎ ነው። ባለፈው ክረምት አጎቴ ለማሽላው የአረም መድኃኒት በጀሪካን ገዝቶ መጣና «አንተ ተማሪ አይደለህ? በል አንብብልኝ» አለኝ። ፊደሉን አነበብኩት። «ዋተር» ውኃ ነው፣ አወቅኩት። «ዶንት» የሚል አራት ቦታ አለ። አታድርግ ማለት ነው፤ ምን እንደማይደረግ የሚናገሩትን ቀጣዮቹን ቃላት ግን አላወቅኳቸውም። አጎቴ ዝም ብሎ አየኝ። አፈርኩ። ከ15ቱ ልቆጠር ወይስ ከ65ቱ?

በማግሥቱ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን ቲቸር ቤት ይዤው ሄድኩ። መዝገበ ቃላት አውጥተን አንድ በአንድ ተረጎምነው። እየረጫችሁ አትብሉ፣ አትጠጡ ይላል። ወንዝ ውስጥ አትድፉት ይላል። የመጨረሻው «ዶንት» ባዶውን ጀሪካን ለሌላ ነገር አትጠቀሙበት የሚል ነበር።

የአምናው ጀሪካን ቤታችን ውኃ መቅጃ ሆኖ ነበር። ሮጬ ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። ያኔውኑ ውኃውን ደፋችው፣ አጎቴም ጀሪካኑን በቢላ ቀዳዶ ከቤት ርቆ ቀበረው።