በሰፈራ መንደሮች የሚታይ የድብርት ሕመም፤ አለያየቱና አረዳዱ

በድርቅ ምክንያት ቀዬውን የለቀቀ ገበሬ የሚያጣው እህልና ከብት ብቻ አይደለም፤ ዘመዱ፣ ዕድሩና የወገኖቹ መቃብር ከኋላው ይቀራሉ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የሰፈረው 600 ሺህ ያህል ሕዝብ ይህን ሁሉ ጥሎ የሄደ ነበር።

«ሰነፍ» ተብሎ የተመዘገበ ሰፋሪ በድብርት የታመመ ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ኀዘን ወይም የፍላጎት መጥፋት፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ድካምና ተስፋ መቁረጥ ናቸው። በሽተኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚናገረው ራሱን ወይም ልቡን እንደሚያመው ነው።

የአረዳዱ ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው፤

1ኛ/ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለው በግልጽ ይጠየቅ፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያሳድርበትም። ካለው ብቻውን አይተው፤ የፀረ ተባይ መርዝ ይራቅለት፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

2ኛ/ ኀዘኑን እንዲናገር ይደመጥ፤ ወደ ዕድሩ፣ ወደ ቡናውና ወደ ቀላል ሥራ ቀስ በቀስ ይመለስ።

3ኛ/ መድኃኒት ከታዘዘለት ለውጡ የሚታየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መሆኑ ይነገረው፤ ከተሻለውም በኋላ ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳያቋርጥ ክትትል ይደረግለት። ጠበል መሄዱን መከልከል አይገባም፤ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

እህል ሲታደል ያልመጣ ሰው ስሙ ከመሠረዙ በፊት ቤቱ ይጎብኝ።