አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላ ስለሚመጣ የሆድ መታወክ

በሰው አንጀት ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ተሐዋስያን ይኖራሉ። የሚበዙት ጠላቶች አይደሉም፤ ምግብን በመፍጨት ይረዳሉ፤ ክፉዎቹም ስፍራ እንዳያገኙ ይከለክላሉ። አንቲባዮቲክ የሚባለው መድኃኒት ግን አረሙን ሲነቅል ጤፉንም አብሮ የሚነቅል አራሚ ይመስላል። ስለዚህ አሞክሲሲሊን ወይም ዶክሲሳይክሊን የዋጠ ሰው ሆዱ ቢነፋ፥ ቢያቅለሸልሸው፥ ቢያስቀምጠውም አያስደንቅም።

ይህ ነገር ለአዊ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ትራኮማ የሚባለውን የዓይን ደዌ ለማጥፋት ከ2000 ዓ. ም. ወዲህ በአማራ ክልል መንደሮች አዚትሮማይሲን በዘመቻ ሲታደል፥ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ በኩል በማግሥቱ ሆዴን አመመኝ ያለ አልጠፋም። በዚህ ሰበብ በሚቀጥለው ጊዜ ከዕደላው የሚሸሽ ሰው ይሳሳታል፤ የአንድና የሁለት ቀን ቁርጠት ከዓይን መጥፋት ጋራ አይመዛዘንምና።

ቀላሉ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ በጥቂት ቀኖች ይተዋል። ሐኪም ሳያዝ መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም፤ የተረፈውንም ለጎረቤት ማካፈል ቸርነት አይደለም። ዋናው ሥራ ከሰውነት የወጣውን ውኃ መተካት ነው። ከጤና ኬላ የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በከረጢቱ ላይ እንደ ተጻፈው ይበጥበጥ። እርሱ ቢታጣ፥ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመር፤ ማንኪያው ቁልል ሳይሆን ልክ ይሁን። ጨው ቢበዛ ሕፃንን ይጎዳልና መምህሩ በክፍል ውስጥ እየሰፈረ ቢያሳይ ይሻላል። የገብስ አጥሚት፥ የተቀቀለ ድንች፥ ከተፈላ ወተት የተሠራ እርጎም ይስማማል፤ ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ግን ወተቱንና እርጎውን ከመድኃኒቱ ሁለት ሰዓት ያህል ያራርቀው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡት አይከልከል። በጾም ወራት የታመመ ሰውም የነፍስ አባቱን ያማክር እንጂ ውኃ አይተው።

ሆዴን ልጠብ ብሎ ኮሶ የሚጠጣ ሰው አለ። ኮሶ ራሱ ያስቀምጣልና የደከመውን ሆድ የባሰ ያደክመዋል።

ደም ከታየ፥ ትኩሳትና ጽኑ ቁርጠት ከመጣ፥ በቀን ብዙ ጊዜ እንደ ውኃ ካስቀመጠ ነገሩ ሌላ ነው። ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲሌ የሚባል ተሐዋሲ፥ ወዳጆቹ የጠፉበትን አንጀት ወርሶ አንዳንድ ጊዜ ሰው ይገድላል፤ መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላም ይነሣል። ሕመምተኛው የወሰደውን መድኃኒት ባዶ ማሸጊያ ይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ማስቀመጥን የሚያግድ ክኒንም በራሱ ፈቃድ አይዋጥ። አስታማሚው እጁን በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ አልኮል ይህን ተሐዋሲ አያጠፋውም። ዓይኑ የጎደጎደ፥ ያለ እንባ የሚያለቅስ ወይም መጥባት ያቃተው ሕፃን ግን በሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።