በጭድ ውስጥ የተቆለፈው ስኳር

ባለፈው ሩብ ዓመት ከሁለት አጥቢያዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ደርሶናል። «ከመከር በኋላ የሚተርፈውን ጭድና አገዳ ወደ ስኳር፣ ስኳሩንም አብላልተን ወደ ነዳጅ አልኮል እንለውጥላችኋለን፤ ለመነሻ የሚሆን ገንዘብ አዋጡ» የሚል ሰው መጥቶባቸው ነበር። የሚወጣው ገንዘብ የምእመናን መዋጮ ስለሆነ፣ ኮሚቴዎቹ ከመወሰናቸው በፊት መጠየቃቸው የሚያስመሰግን ነው። ሐሳቡ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከፋብሪካው እስከ አጥቢያው ደጅ ያለው መንገድ ከተነገራቸው እጅግ ይረዝማል። ምክንያቱን ከሥሩ ማስረዳት መልካም መስሎናል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከምናውቀው እንጀምር። ለሰንበቴ ጠላ የምትጠነስስ እናት ገብሱን ነክራ፣ አብቅላ፣ አድርቃና ፈጭታ ብቅል ታደርገዋለች። ይህን ሁሉ የምትደክመው እርሾ እህሉን እንዳለ ሊበላው ስለማይችል ነው። በእህል ውስጥ ያለው ስታርች፣ ግሉኮስ የተባለው ስኳር እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተሰካበት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ እርሾ ደግሞ የሚበላው አንድ አንድ ወይም ጥንድ ጥንድ ሆነው የተፈቱትን ፍሬዎች ነው። ገብሱ ሲበቅል ለቡቃያው ምግብ እንዲሆን ሰንሰለቱን የሚቆርጥ ነገር ያዘጋጃል፤ ይህ ኢንዛይም ይባላል። ፓየን የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ከባልደረባው ከፔርሶ ጋር ሆኖ በ1833 ይህን ከብቅል ለይቶ አወጣ። ያው ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ የእንጨትና የጭድ ዋና አካል የሆነውን ሴሉሎስን ለየ። እናቶቻችን ግን ስሙን ሳይሰሙ በኢንዛይሙ ሲሠሩበት ኖረዋል።

ሴሉሎስም የተሠራው ከዚያው ከግሉኮስ ነው፤ ልዩነቱ በአሰካኩ ላይ ነው። በስታርች ፍሬዎቹ ሁሉ በአንድ ወገን ስለሚሰኩ ሰንሰለቱ ይጠመዘዛል፤ ሲቀቀልም ውኃ በቀላሉ ይገባዋል። በሴሉሎስ አንዱ ፍሬ ከጎረቤቱ አንጻር እየተገለበጠ ስለሚሰካ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል፤ ቀጥ ያሉትም ጎን ለጎን ተያይዘው እንደ ተገመደ ገመድ ይጠነክራሉ። የብቅል ኢንዛይም ይህን አይቆርጥም። በዚያ ላይ ሴሉሎሱ ሄሚሴሉሎስ በሚባል ሌላ የስኳር ሰንሰለት ተጠላልፎ፣ ሊግኒን በሚባል ጠንካራ ነገር ተለስኗል። በስንዴ ጭድ ውስጥ ሴሉሎሱ ከደረቅ ክብደቱ ከሲሶ በላይ፣ ሄሚሴሉሎሱ ሩብ ገደማ፣ ሊግኒኑም ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሆናል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የጭድ ክብደት የተቆለፈ ስኳር ነው ማለት ነው። የጭቃ ግድግዳችንን እንዳይሰነጠቅ አስሮ የሚይዘው ይኸው ጥንካሬ ነው።

መክፈቻው የተገኘው ማንም ባልጠበቀው ስፍራ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰሎሞን ደሴቶች የሰፈረው የአሜሪካ ጦር የጥጥ ሸራው በፍጥነት እየበሰበሰ ተቸገረ። ጥጥ ንጹሕ ሴሉሎስ ነው ለማለት ይቻላል። ከበሰበሰው ሸራ የተለየው ሻጋታ ሴሉሎስን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን በብዛት የሚያመነጭ ሆኖ ተገኘ፤ በ1977ም ለተመራማሪው ለኤልዊን ሪስ መታሰቢያ ትራይኮደርማ ሪሴይ ተብሎ ተሰየመ። ዛሬም ፋብሪካዎች የዚህን ሻጋታ ዘር ያራባሉ።

ይሁን እንጂ ፋብሪካው ጭዱን እንዳለ ለኢንዛይም አይሰጥም። አስቀድሞ በከፍተኛ ግፊት እንፋሎት ወይም በአሲድ ልስኑን ያፈርሳል፤ ቀጥሎም ኢንዛይም ጨምሮ በ50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያቆየዋል፤ እርሾ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። የተለመደው እርሾ ደግሞ ከሄሚሴሉሎስ የሚወጣውን ዛይሎስ የተባለ ስኳር አይበላም። በጣሊያን ክሬሸንቲኖ በ2013 የተመረቀው ትልቅ ፋብሪካ እንኳ በ2017 ሥራ አቁሞ፣ ሌላ ባለቤት ከተረከበው በኋላ ነው በ2022 የተነሣው። በአገራችን በፊንጫና በመተሐራ የተመረተው ኤታኖልም የሚወጣው ከሞላሰስ ነው፤ ሞላሰስ ቀድሞውኑ ስኳር ስለሆነ መክፈቻ አይሻም። ስለዚህ «በበርሜልና በማገዶ እንሠራዋለን» ለሚል ሰው የአጥቢያ ገንዘብ እንዲሰጥ አንመክርም።

ታዲያ በአጥቢያ ደረጃ የሚሠራ ነገር የለምን? አለ፤ እንጉዳይ ነው። ኦይስተር የሚባለው የእንጉዳይ ዓይነት ሊግኒኑንም ሴሉሎሱንም የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ራሱ ያመነጫል፤ ያለ ፋብሪካ ቁልፉን ይከፍታል። ስኳሩን ለራሱ ይበላዋል፤ ለእኛ የሚተርፈው የጾም ምግብ ነው። ጭዱ ተቆራርጦ ይነከራል፤ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውኃ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ይቆያል፤ ተጠንፍፎ ከቀዘቀዘ በኋላ የእንጉዳይ ዘር ተቀላቅሎበት በላስቲክ ከረጢት ይሞላል። በጨለማ ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቆይ ነጭ ድር ይለብሳል፤ ከዚያ በኋላ ንጹሕ አየርና እርጥበት ይፈልጋል። ጭዱ በእጅ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ መውጣት አለበት።

ይህን የመጨረሻውን የተማርነው በኪሳራ ነው። በአንድ አጥቢያ ካዘጋጀናቸው 30 ከረጢቶች 19ኙ አረንጓዴ ሻጋታ ለበሱ። ማገዶ አልቆብን ውኃው ለብ ከማለት አላለፈም፤ ጭዱንም እንደ ረጠበ ከረጢት ውስጥ ከተትነው። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የኮሚቴው አልነበረም፤ የዘሩንም ዋጋ ተክተናል። እንዲህ ያለው አረንጓዴ ሻጋታ ብዙ ጊዜ ያው የትራይኮደርማ ወገን ነው፤ በፋብሪካ የሚፈለገው በእንጉዳይ ቤት ጠላት ይሆናል። የሻገተ ከረጢት ሳይከፈት ከክፍሉ ይውጣ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ኮሚቴዎች እንዲያስቡበት የምንለምነው ግን የጭዱን ባለቤት ነገር ነው። በወረቀት «ተረፈ ምርት» የሚባለው የጤፍ ጭድ በገበሬው ቤት የበሬ ቀለብ ነው። የበልጉ ዝናብ በዘገየ ዓመት ጭድ የሌላት መበለት በሬዋን ትሸጣለች። የጤፍ ጭድ ከገበያ ገዝቶ እንጉዳይ ማብቀል፣ ዋጋውን አስወድዶ የድሆችን ከብት ማስራብ ሊሆን ይችላል። ቡና በሚታጠብባቸው በሲዳማና በጅማ አካባቢ ላሉ አጥቢያዎች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የቡናው ገለፈት ወንዝ ውስጥ ሲጣል የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ካፌይንና ታኒን ስላለበትም ለከብት እምብዛም አይሰጥም። ኦይስተር እንጉዳይ ግን ይበቅልበታል። በሌላውም ስፍራ ከብት የማይበላውን የበቆሎ ቆረቆንዳ ፈጭቶ መሞከር ይቻላል።

ከጠየቁን አጥቢያዎች አንዱ የቡና አካባቢ ስለሆነ በ10 ከረጢት ሙከራ ጀምሯል። ሁለተኛው ገንዘቡን በካዝናው አቆይቶ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በየቤቱ ምን ያህል ጭድ እንደሚቀር በመመዝገብ ላይ ነው።