አምባዛን በኩሬ ማርባት

አምባዛ በአባይና በጣና ሐይቅ የሚገኝ ዓሣ ነው። ቆዳው ልሙጥ ነው፤ ቅርፊት የለውም። በአፉ ዙሪያ እንደ ጢም ያሉ 8 ክሮች አሉት። አየር ከውኃው በላይ ብቅ ብሎ ስለሚስብ በደፈረሰ ውኃም ይኖራል።

ቅርፊት ስለሌለው የማይበላው ሰው አለ። ይኸ የእምነት ጉዳይ ነው፤ አንነቅፍም። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ቅርፊት ያለውን ቆሮሶ ያርባ።

ለምን እናረባለን?

የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ወንዝ ውስጥ የሚበትን ሰው አለ። ትልቁ ዓሣ ሰክሮ ሲንሳፈፍ ይለቀማል። ታዲያ ጫጩቱም፣ እንቁላል የያዘችውም እናት አብረው ያልቃሉ። አንዲት እናት አምባዛ የምትይዘው እንቁላል ብዙ ሺህ ነው። ወንዙን ለአንድ ቀን ወጥ ብለን ከገደልነው ልጆቻችን ምን ይበላሉ? ዓሣ ሥጋን የሚተካ፣ የልጅን ሰውነት የሚገነባ ምግብ ነው።

ኩሬው

ኩሬ የሚቆፈረው ውኃ የሚይዝ ሸክላማ አፈር ባለበት ነው። እርጥብ አፈር አድቦልቡለን ወደ ላይ እንወርውርና እንቅለበው። ካልፈረሰ ጥሩ ነው። ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፤ የዛፍ ጥላ አይሆንም።

ለጀማሪ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይበቃል። ጥልቀቱ በአማካይ 1 ሜትር ይሁን። የሚወጣው አፈር 100 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሰው በቀን 2 ሜትር ኩብ ቢቆፍር፣ 10 ሰው በወንፈል ወጥቶ በ5 ቀን ይጨርሰዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

መግቢያውና መውጫው ላይ ወንፊት ይደረግ። አምባዛ ሌሊት በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ሊያመልጥ ስለሚችል ግድቡ ከፍ ይበል። ሕፃናት እንዳይገቡ ዙሪያው ይታጠር።

ጫጩቱ

አምባዛ በኩሬ ያድጋል እንጂ በራሱ እምብዛም አይራባም። በተፈጥሮው እንቁላሉን የሚጥለው ክረምት ሲገባ፣ አዲስ ውኃ ሣሩን ሲያጥለቀልቅ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ከሌላ አምባዛ ጭንቅላት ከሚወጣ ዕጢ የተዘጋጀ መድኃኒት እናቲቱን በመርፌ ይወጓታል። ከዚያ ሆዷን አሽተው እንቁላሉን ያወጣሉ፤ ከወንዱ ዘር ጋር ይቀላቅሉታል። ውኃው ሞቃት ከሆነ ከ1 እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ይኸ የባለሙያ ሥራ ነው። የእኛ ድርሻ ጫጩት ተቀብሎ ማሳደግ ነው። ስለ ጫጩት የወረዳውን የግብርና ባለሙያ እንጠይቅ፤ ባሕር ዳርም የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ።

ትልቁ አምባዛ ትንሹን ይበላል። ስለዚህ እኩያ እኩያውን እንለይ። ለጀመርነው ኩሬ 200 ጫጩት ይበቃል።

ምግቡ

የከብት እበት በመጠኑ ሲጨመር ውኃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ዓሣው የሚበላቸው ጥቃቅን ነፍሳት ይራባሉ። ክንዳችንን እስከ ክርን ውኃው ውስጥ እናስገባ። መዳፋችን ገና ክርናችን ሳይደርስ ከተሰወረ እበቱ በዝቷልና እናቁም።

ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ምስጥና ትል ጥሩ ምግብ ናቸው። ዓሣዎቹ ሁሉ ተመዝነው 10 ኪሎ ቢሆኑ፣ ለቀን ከ300 እስከ 500 ግራም ይበቃቸዋል። ተርፎ የሚበሰብስ ምግብ ውኃውን ያበላሻል።

ስለ ብርዱ

አምባዛ በሚገባ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሞቅ ውኃ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በደጋው ዓሣው ዘግይቶ ያድጋል፤ ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ይፈጥናል። ደገኛው ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ግን አይከስርም፦ የኩሬው ውኃ ፍግ ስላለበት ለጎመንና ለሽንኩርት ማጠጫ ይሆናል።

ጥያቄዎች

1. ብርብራ ወንዝ ውስጥ መበተን ጉዳቱ ምንድን ነው?
2. ጫጩቶቹን እኩያ እኩያውን የምንለየው ለምንድን ነው?
3. ዓሣዎቹ በጠቅላላ 20 ኪሎ ቢመዝኑ ለቀን ስንት ግራም ምግብ ያስፈልጋል?
4. በመንደራችሁ ለኩሬ የሚስማማ ቦታ የት ነው? ተወያዩበት።